ፊታቸውን ሳናይ የምናውቃቸው

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይቀንሳል)

ቡሬ፣ ጎሬ፣ መቱ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ በደሌ ያላችሁ፤ ቡና ለቀማ ላይ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በሕይወት ስለሌሉ ተዋንያን ነው። ከግሪኮች እነሣና ወደ ራሳችን እመጣለሁ። «ደግሞ የግሪክን ተዋናይ ቡሬ ድረስ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ግሪኮቹ እኮ ፊልማቸው ሳይመጣ በፊት ራሳቸው መጥተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጋምቤላ የንግድ ከተማ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ተነሥቶ እስከዚያ ይደርስ ነበር። ጨውና አቡጀዲ ያራግፋል፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናል። ቡናው ከእኛው ደጋ ነው የሚወርደው፤ ከጎሬ በቡሬ በኩል፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ። ዛሬ ከቡሬ ወደ ጋምቤላ በመኪና የወረደ ሰው ጆሮው ድፍን ሲል፣ የቆላው ወበቅ ፊቱን ሲመታው ያውቀዋል። ያኔ በእግር ነበር። በዚህ ንግድ ውስጥ ከሶርያዎቹና ከአርመኖቹ ጋር የግሪክ ነጋዴዎች ነበሩበት። ጋምቤላም ጎሬም ተቀምጠው ቡና ገዝተዋል፤ ጨርቅ ሸጠዋል፤ ከአገሬው ጋር ተዋደዋል፤ ተጣልተዋልም።

ግሪኮቹ በአዲስ አበባም በድሬዳዋም ብዙ ነበሩ። ነጋዴ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ግንበኛ፣ ባለሆቴል። ከልጆቻቸው አንዱ በሰኔ 1910 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ ግሪካዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት፤ ስሙ ኒኮ ፓፓታኪስ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ከሀገር ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ ፓሪስ ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ላ ሮዝ ሩዥ» የሚባል፣ የዘመኑ ዘፋኞችና ተዋንያን የሚያመሹበት ክበብ ያስተዳድር ነበር። ጆን ካሳቬትስ የተባለው አሜሪካዊ «ሻዶውስ» የሚለውን የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሠራ ካገዙት አንዱ እሱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 ደግሞ «ሌ አቢስ» የተሰኘ የራሱን ፊልም ይዞ ካን ፌስቲቫል ላይ ቀረበ። ሁለት የቤት ሠራተኞች በአሠሪዎቻቸው ላይ ስለሚነሡበት ታሪክ ነበርና ተመልካቹን ለሁለት ከፈለው። ቀጥሎ ግሪክ ወርዶ ስለ አንድ እረኛና ስለ ባለጸጋ ልጅ ፍቅር ሌላ ፊልም ሠራ። በ2010 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አረፈ። አዲስ አበባ ተወልዶ በአውሮፓ ፊልም ስም ያተረፈ ሰው እያለን፣ ስሙን የሚያውቅ የፊልም ተማሪ እንኳ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ወደ ሀገር ቤት ስንመለስም የግሪክ እጅ እናገኛለን። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው የተሠራው፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ድርሰቱ የእላላ ኢብሳ፣ አዘጋጁ ላምብሮስ ዮካሪስ የሚባል ግሪካዊ። ሁለተኛውን ረጅም ፊልም ለማየት ወደ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ነበረብን። እሱም «ጉማ» ነው፤ በ1966 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። አዘጋጁ ሚሼል ፓፓታኪስ፣ የግሪክ ተወላጅ የሆነ የዚሁ አገር ሰው። ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ ፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው።

ከአብዮቱ በፊት የነበረን ረጅም የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልም እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ ያልቃል ማለት ይቻላል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ «ጉማ» ጉዳይ ኢሉባቦር ላለ አድማጭ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሰው ሲገደል ገዳይና የሟች ወገን ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ይደረጋል። ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ። ይለመናል፤ እምቢ ይባላል፤ እንደገና ይለመናል። የደም ካሣው ይቆረጣል፣ ከብት ይታረዳል፣ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ይህ ሥርዓት ባይኖር ደም ደምን እየጠራ ቤት ይጠፋ ነበር። ፊልሙ ይህን ትልቅ ጉዳይ መነሻው አደረገ።

አዘጋጁ የግሪክ ተወላጅ መሆኑ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ግሪኮች ራሳቸው ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ መድረክ ላይ የሚያወጡት ይህንኑ የደም ጣጣ ነው። አባት ልጁን ይሠዋል፤ ሚስት ባሏን ትገድላለች፤ ልጅ እናቱን ይገድላል። ይህን ታሪክ በፊልም ያሳዩን አዘጋጅ ሚካኤል ካኮያኒስ ሲሆን፣ ፊቷን የሰጠችው ደግሞ አይሪን ፓፓስ ናት።

አይሪን ፓፓስ በ1929 እ.ኤ.አ. ቆሮንቶስ አቅራቢያ ባለች መንደር ተወለደች። ቆሮንቶስ ያልኩት ያው ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ከተማ ናት። ቅንድቧ ጥቁርና ወፍራም፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ ዓይኗ ትልቅ። በ1962 «ኤሌክትራ» ላይ የአባቷን ደም የምትበቀለዋን ልጅ ሆነች። ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ «ኢፊጌኒያ» ላይ ልጇን የሚነጥቋትን እናት ሆነች። ዓለም በይበልጥ የሚያውቃት ግን በ1964 በወጣው «ዞርባ» ነው። አንቶኒ ክዊን በባሕር ዳርቻ የሚጨፍርበት፣ ሙዚቃውን ሚኪስ ቴዎዶራኪስ የደረሰው ፊልም ነው፤ ፊልሙን ያላያችሁም ዜማውን ሰምታችሁታል።

በዚያ ፊልም ውስጥ ፓፓስ ባሏ የሞተባት የቀርጤስ መንደር ሴት ናት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትናገርም ማለት ይቻላል። በዝናብ ውስጥ ፍየሏን ፍለጋ ትመጣለች። የመንደሩ ወንዶች ቡና ቤት ተቀምጠው በዓይናቸው ይበሏታል፤ እሷ ደግሞ ዝም ብላ ታያቸዋለች። አንድ ጎረምሳ በእሷ ፍቅር ተቃጥሎ ባሕር ገብቶ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ መንደሩ ይከባታል። በድንጋይ ይወግሯታል። የልጁ አባት ቢላ ያወጣል። የቡሬ ወይም የሁሩሙ ሽማግሌ ያን ትዕይንት ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መሃል የሚገባ ሰው ጠፋ?» ብሎ ይመስለኛል። እንግዲህ ሴትዮዋ ቃል ሳትተነፍስ ፊቷ ብቻ ሁሉን ይናገራል። ይህን በሬዲዮ ላሰማችሁ ብል አልችልም፤ ድምፅ የለውማ! ፓፓስ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ93 ዓመቷ አረፈች። ፊቷ ግን ፊልም ላይ ታትሞ ቀርቷል።

ስለ ሌሎቹ የግሪክ ተዋንያን ጥቂት እንበል። መሊና መርኩሪ በ1960 እ.ኤ.አ. «ኔቨር ኦን ሰንዴይ» በሚለው ፊልም ካን ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አገኘች። በ1967 መኮንኖች ሥልጣን ሲይዙ አፏን ሞልታ ስለተቃወመቻቸው ዜግነቷን ነጠቋት። መኮንኖቹ ወደቁ፤ እሷ ተመለሰች፤ በ1981 የባህል ሚኒስትር ሆነች። ከአቴና ተነቅለው እንግሊዝ ሙዚየም የገቡት የፓርተኖን ቅርጾች ይመለሱ እያለች እስከ ሞተችበት እስከ 1994 ሞገተች። የአክሱም ሐውልት ከሮም እስኪመለስልን የተሟገትን ሰዎች የሴትዮዋን ንዴት በደንብ እንረዳለን።

አሊኪ ቩዩክላኪ ደግሞ ቢጫ ጸጉሯን እየነሰነሰች የምትስቅ፣ የምትዘፍን፣ የግሪክ ሕዝብ ያሞላቀቃት ኮከብ ናት። ከ40 በላይ ፊልም ሠራች። በ1996 በካንሰር ስትሞት ያለቀሰላት ሕዝብ የአቴናን ጎዳና ሞላ። በግሌ ፊልሞቿ ስኳር ይበዛባቸዋል ባይ ነኝ፤ የሚወዷት ይቅር ይበሉኝ።

ልቤን የሚነካው ታናሲስ ቬንጎስ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ፒሬየስ ወደብ አካባቢ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ግሪኮች እርስ በርስ ተዋጉ። ቬንጎስ በግራ ፖለቲካ ተጠርጥሮ ማክሮኒሶስ ወደምትባል ደረቅ ደሴት ተጋዘ፤ የወታደርነት ጊዜውን የገፋው እዚያ ነው። እስረኞቹ ቴአትር ይሠሩ ነበር። ኒኮስ ኩንዱሮስ የሚባል የወደፊት ፊልም አዘጋጅም እዚያው ታስሮ ነበርና ተዋወቁ። ከተፈቱ በኋላ በ1954 ኩንዱሮስ የመጀመሪያ ፊልሙን ሲያነሣ ቬንጎስን ጠራው። ቬንጎስ የትወና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ፊልም ላይ ሥራው መሮጥ ነበር። አንድ ቤተሰብ ለማብላት በቀን አራት ሥራ የሚሠራ፣ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ፣ የሚወድቅ፣ ተነሥቶ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ያገኘውን ሁሉ «ደጉ ሰው» እያለ የሚጠራ ምስኪን። ከፎቅ ሲዘል፣ በመስታወት ሲያልፍ ሌላ ሰው አይተካለትም፤ ራሱ ነው የሚያደርገው። በገንዘቡ የፊልም ድርጅት አቋቁሞ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ድርጅቱም ተዘጋ። በ2011 ሲሞት ግሪክ በኢኮኖሚ ቀውስ ተይዛ ስለነበር፣ ሰው ቬንጎስን ሲቀብር ያንን ሮጦ አዳሪ ራሱን የቀበረ ያህል አዘነ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። እነዚህ ሰዎች ሞተዋል፤ ሆኖም ዛሬ ማታ ግሪክ ውስጥ ቴሌቪዥን የከፈተ ልጅ ከመካከላቸው አንዱን ሊያገኝ ይችላል። ምክንያቱ ተአምር አይደለም፤ ፊሎፒሚን ፊኖስ የሚባል ሰው ነው። ፊኖስ በጀርመን ወረራ ዘመን፣ በ1943፣ ፊኖስ ፊልም የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በ1977 እስኪሞት ድረስ ከ180 በላይ ፊልም አወጣ። ካሜራውን የሚጠግነው፣ ድምፁን የሚቀዳው፣ ፊልሙን የሚያጥበው እዚያው አገሩ ላይ ነበር። ድርጅቱ ፊልሞቹን አኖራቸው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ እነዚያን ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ደግሞ ደጋግሞ አሳያቸው። የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ተዋንያን በፊታቸውም በአረማመዳቸውም ለይተው ያውቃሉ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር እዚህ ጋ ይመጣል። በእነሱ በኩል አንድ ድርጅት ብቻ 180፤ በእኛ በኩል ሁለት።

ፊልም ደግሞ ሠርተህ ብቻ የምትተወው ነገር አይደለም። የዚያን ዘመን ፊልም ስስ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ኬሚካል ነው። ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ይኮማተራል፣ ይሰባበራል፤ ቆርቆሮውን ሲከፍቱት አቸቶ አቸቶ ይሸታል። ያ ሽታ ከመጣ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ይፈልጋል፤ ክፍሉ ቀን ከሌት መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ በጀት ይፈልጋል። በእኛ ክረምት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ሻጋታ ሲያወጣ ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ የእኛ ተዋንያን የት ናቸው?

አብዛኞቹ መድረክ ላይ ነበሩ። ከጣልያን መልስ በማዘጋጃ ቤት፣ በሀገር ፍቅር፣ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ብሔራዊ የተመረቀው በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። አስናቀች ወርቁ ወደ መድረክ እስክትወጣ ድረስ የሴት ሚና የሚጫወተው ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ወንድ ነበር። እሷ ክራሯን ይዛ፣ ስድቡንም ሐሜቱንም ችላ ወጣች። በ2004 ዓ.ም. መባቻ አረፈች። በ«ኢትዮፒክ» የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛው አልበም የእሷ ነው። መድረክ ላይ የነበራት እንቅስቃሴ ግን ያየው ሕዝብ ይዞት ሄዷል። ክራሯና ድምፅዋ ቀሩ።

ቀሚስ ከለበሱት ወንዶች አንዱ ተስፋዬ ሣህሉ ነው፤ ኋላ አባባ ተስፋዬ የተባለው። ባሌ ተወልዶ፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ ወታደሩን ያዝናና፣ በኋላም በቴሌቪዥን የልጆችን ዝግጅት ከአርባ ዓመት በላይ የመራ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመቱ አረፈ። እሱን ስንኳ ቴሌቪዥን ያለው ነው ያየው። በዚያ ዘመን ቡሬ ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ስንት ነው?

ሬዲዮ ግን ነበር። መቱ ላይ የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ስለነበረ ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባ ነበር። ችግሩ የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ እየሟሟ ይሄዳል። ያኔ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ወይም ከምድጃ ጥግ ማሞቅ፣ ከዚያ በጥርስ ነከስ ነከስ አድርጎ መመለስ። ሰዎች ድንጋያቸውን ለዜና እንኳ ሳያባክኑ ቆጥበው የሚያስቀምጡለት ዝግጅት ነበር፤ «ከመጻሕፍት ዓለም»። በዚያ ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተረከው።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማእከል የጀመረ፣ ከደበበ እሸቱ ጋር ሃንጋሪ ሄዶ ቴአትር የተማረ፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ስሙ የገነነ። አዲስ አበባ ያየው ሰው ስለ ቁመናው፣ ስለ ዓይኑ ያወራል። በእኛ በኩል ግን ወጋየሁ ፊት አልነበረውም። አንዳንዱ ሽማግሌ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ብዙ ሰዎች ናቸው ይላል። በእርግጥም ብዙ ሰዎች ነበር። ከመጽሐፉ ሰዎች ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገር ደረቱ ሲነፋ ይሰማል። ጉዱ ካሣ ሲመጣ ፍጥነቱ ይለወጣል፤ የሚያሾፍ፣ የመረረውም ሰው ድምፅ ይሆናል። ሰብለወንጌልን ሲያነብ ደግሞ ድምፁን ለማቅጠን አይታገልም። ወንድ ሆኖ ሴትን ሲጫወት ሰው እንዲስቅ ያደርግ የነበረውን የመድረክ ዘዴ ትቶ፣ ድምፁን ዝቅ፣ ቃሉን ለስለስ ብቻ ያደርጋል። የትረካ ጥበብ ለመማር የሚፈልግ ወጣት ያን ክፍል ለይቶ ቢሰማው ብዙ ያተርፋል።

ሌላው እስትንፋሱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዓረፍተ ነገራቸው ረጅም ነው፤ በገጽ ላይ ሲያነቡት ዓይን ይደክማል። ወጋየሁ የት እንደሚተነፍስ አስቀድሞ ያውቃል። ሐሳቡ ሳያልቅ አየር አይስብም፤ ካልቀረለት ደግሞ ሰውዬው ራሱ የተጨነቀ አስመስሎ ይስበዋል። ማይክሮፎን ደግሞ ከመድረክ የተለየ ጠባይ አለው። መድረክ ላይ የኋላ ወንበር እንዲሰማ ትጮሃለህ፤ ማይክሮፎን ላይ ከጮህክ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ብትጠጋ ትንፋሽህ እንደ ንፋስ ይገባል። ንዴትን ሳይጮሁ ማሰማት መቻል አለብህ። ከመድረክ ወደ ሬዲዮ የመጡ ብዙ ተዋንያን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ወጋየሁ አልተሰናከለም።

የመጽሐፉ ታሪክ የጎጃም ነው። የታሪኩ ዋና ሰው በዛብህ የተወለደበት ማንኩሳ ከሌላዋ ቡሬ፣ ከጎጃሟ ቡሬ ብዙም አይርቅም። ስም የምንጋራት ከተማ ሰዎች ታሪኩ የእኛ ነው ቢሉ መብታቸው ነው። ግን እኛም የምንለው አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በጣልያን ጦርነት ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ላይ የተዋጉ አርበኛ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ሲወጡ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ዘለቁ፤ ጎሬ ያኔ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ጦሩ እየተዋጋ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ በ1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበበ፤ ሐዲስም ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣልያን አገር ታሰሩ። ሐዲስ ይህን ዘመን «ትዝታ» በሚለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ታሪኩን ያገኘው ከዓመታት በኋላ፣ ከወጋየሁ አፍ ነው።

ወጋየሁ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ አረፈ። ሃያና ሰላሳ ዓመት ሊሠራ የሚችል ሰው ነበር። ከመድረክ ሥራው ዛሬ ቁጭ ብለን የምናየው ጥቂት ነው። ትረካው ግን ከቴፕ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ እየተላለፈ ይኸው አለ። መቱ መናኸሪያ ላይ መኪና እስኪሞላ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ የሚሰማው ወጣት ወጋየሁ ሲሞት አልተወለደም።

በኋለኛው ዘመን ይህን ሥራ ከያዙት አንዱ ፍቃዱ ተክለ ማርያም ነበር። መድረክ ላይ ቴዎድሮስን ሆኖ ሲቆም ያየ አይረሳውም፤ በቴሌቪዥን ድራማም በፊልምም ሠርቷል፣ መጻሕፍትንም በሬዲዮ ተርኳል። ኩላሊቱን ታምሞ፣ ሕዝብ ሊያሳክመው ገንዘብ እያዋጣ ሳለ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሞተ፤ አባባ ተስፋዬ ካረፈ ልክ በዓመቱ። ከወጋየሁ በተለየ ፍቃዱን በፊትም በድምፅም እናውቀዋለን፤ ቪዲዮ ከደረሰለት ትውልድ ስለነበረ። ድምፁ ከወጋየሁ ይበልጥ ወፍራም ነው፤ ሲተርክም ይበልጥ ይጫናል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ እኔ ወገንተኛ ነኝ፤ ለወጋየሁ።

የድምፅ ቴፕም ቢሆን ከጥፋት ነጻ አይደለም። በብዙ አገር ሬዲዮ ጣቢያዎች ቴፕ ውድ ስለነበረ የትናንቱ ዝግጅት ላይ የዛሬው ይቀዳበት ነበር። የብዙ ተዋንያን ሥራ በጠላት እጅ ሳይሆን በቁጠባ ጠፍቷል። የቀረውን ያቆየው በአብዛኛው አድማጩ ነው፤ ካሴት ገዝቶ ሬዲዮኑ ላይ ደቅኖ፣ ልጆቹን «ዝም በሉ፣ እየቀዳሁ ነው» ብሎ የተቆጣው አባት። በአንዳንድ ቅጂዎች ውስጥ ከትረካው ጀርባ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። እንዲህ ያለ አሮጌ ካሴት ቤታችሁ ካለ፣ መጀመሪያ እርሳስ አስገብታችሁ ሪቡን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አጥብቁት፤ ሳታጠብቁ ማጫወቻ ውስጥ ብትከቱት ይበላዋል። ከሻገተ ደግሞ ጨርሶ አታጫውቱት። ካልሻገተ በመጀመሪያው ማጫወት ላይ ወደ ስልክ ቅዱት፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላልና።

አሁን ወደ መልመጃው። ይህ ለቡሬ፣ ለጎሬና ለመቱ ትምህርት ቤቶች የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ነው፤ ሌላውም ቢሠራው ደስ ይለናል። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት አንድ ገጽ ከምትወዱት ልብ ወለድ ምረጡ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን። የምትተነፍሱበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁና፣ «አለ»፣ «አለች» የሚሉትን ቃላት ዘላችሁ አንብቡ። ከዚያ ቅጂውን ታሪኩን ለማያውቅ ሰው፣ ቢቻል ለአያታችሁ አሰሙ። ማን እንደሚናገር ከለዩላችሁ አልፋችኋል። ካልለዩ ድምፅ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ፍጥነቱን ለውጡ፣ አንዱን ሰው ቸኩሎ የሚናገር፣ ሌላውን እያሰበ የሚናገር አድርጉትና እንደገና ቅዱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)